ኩበርኔቲስን ከምንጩ መሥራትና መፈተን፤ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ኩበርኔቲስ የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከየት እንደመጣ፣ ከምንጩ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚፈተን በታሪክ ዓይን መመልከት ነው። ይህ ፕሮግራም ምንጩ ለሰው ሁሉ የተከፈተ ነው ይባላል፤ ይኸውም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ የፈለገ ሰው ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያሻሽለዋል ማለት ነው። እኛም ይህን ቃል ከሌሎች ሰምተን ስንደጋግመው ቆይተናል። ነገር ግን «ተከፍቷል ካልን፣ ከፍተን አይተነዋልን?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልስ አጣን። ስለዚህ ታሪኩን ከማንበብ ጋር ፕሮግራሙን በገዛ እጃችን ከምንጩ ሠርተን ለመፈተን ተነሣን።

ከንባቡም ከሙከራውም ያገኘነው ፍሬ አንድ ነው። የምንጭ መከፈት የነጻነት እኩሌታ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ ፈተናው ነው። የሚያነብ ብዙ፣ የሚፈትን ግን ጥቂት የሆነበት ፕሮግራም በስም የሁሉ፣ በግብር የጥቂቶች ይሆናል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ታሪክ ይህን ያስረዳልን እንደሆነ አንባቢው ይፍረድ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

1. ስለ ስሙና ስለ ነገሩ ምንነት

ኩበርኔቲስ የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜው የመርከብ መሪ ማለት ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ጳውሎስን ወደ ሮሜ ይወስድ ስለነበረው መርከብ ተምረናል፤ የዚያ መርከብ መሪ በግሪኩ መጽሐፍ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ምክር ይልቅ የመሪውን ቃል አመነ፤ መርከቡ ግን ከመሰበር አልዳነም። ስለዚህ መሪ ተብሎ መጠራት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መሪውም ሊፈተን ይገባዋል።

ስሙን ያወጡት ሰዎች መርከብ ያሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1956 በሚያዝያ ወር ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ኢዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ከኒውርክ ወደ ሂዩስተን አስጫነ። ከዚያ በፊት ጆንያው፣ በርሜሉና ሣንዱቁ አንድ በአንድ በሰው ጫንቃ ይጫንና ይራገፍ ነበር። ሁሉ በአንድ ልክ ሣጥን ከገባ በኋላ ግን የወደቡ ማንሻ ውስጡ ቡና ይሁን ጨርቅ ሳይጠይቅ ያነሣው ጀመር። የኮምፒዩተር ሰዎችም ይህንኑ ዘዴ ወሰዱ። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ የሚዘጋበትን ክልል ኮንቴይነር አሉት፤ ይህን ክልል የትኛውም ኮምፒዩተር በአንድ ዓይነት መንገድ ይጭነዋል።

ሣጥኖቹ ጥቂት ሲሆኑ አንድ ሰው ይጠብቃቸዋል። ብዙ ሺሕ ሲሆኑና በአንድነት በሚሠሩ የኮምፒዩተሮች ጓድ ላይ፣ ማለት በክላስተር ላይ፣ ሲበተኑ ግን የትኛው ሣጥን በየትኛው ኮምፒዩተር እንደሚጫን፣ አንዱ ኮምፒዩተር ሲበላሽ ሥራው ወዴት እንደሚዛወር ሰው ሊከታተለው አይችልም። የኩበርኔቲስ ሥራ ይህ ነው። ባለቤቱ «የዚህ ፕሮግራም ሦስት ቅጂዎች ዘወትር ይኑሩልኝ» ብሎ ፈቃዱን በጽሑፍ ያስታውቃል። ይህም ፈቃድ ኤትሲዲ በሚባል መዝገብ ይጻፋል። መዳቢው ክፍል ቦታ ይመርጣል፤ በየኮምፒዩተሩ ያለው ወኪል ሣጥኑን ያስነሣል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ የተጻፈውን ፈቃድና በእውነት ያለውን ነገር ሳያቋርጡ ያስተያያሉ። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ልዩነቱን አይተው ምትኩን ያስነሣሉ።

2. ኮንቴይነር እስኪወለድ ድረስ

ነገሩ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1979 ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ሰባተኛ እትም አንድን ፕሮግራም በአንድ የፋይል ክልል ውስጥ ብቻ እንዲያይ የሚያደርግ ትእዛዝ ገባ። በ2000 ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሥርዓት ይህን ክልል አጥብቆ «እስር ቤት» የሚል ስም ሰጠው። በ2006 የጉግል መሐንዲሶች አንድ የፕሮግራሞች ቡድን ምን ያህል ሜሞሪና ምን ያህል የማስላት ኃይል እንዲጠቀም የሚወስን ክፍል ለሊኑክስ መጻፍ ጀመሩ፤ ይህም በጥር ወር 2008 በሊኑክስ 2.6.24 ውስጥ ገባ። ከዚህ በኋላ ለኮንቴይነር የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው በሊኑክስ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ሊቃውንት ካልሆኑ በቀር የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም።

በመጋቢት ወር 2013 ሰለሞን ሃይክስ በካሊፎርኒያ በሳንታ ክላራ በተደረገ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ስብሰባ ላይ ዶከርን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሳየ። ዶከር የሠራው አዲስ ፈጠራ ሳይሆን የነበረውን አሰባስቦ ለማንም ሰው እጅ ማመቻቸት ነበር። በታሪክ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ያቀለለው ሰው ከፈለሰፈው ሰው ይልቅ ዓለምን አንቀሳቀሰ።

3. ከቦርግ ወደ ኩበርኔቲስ

ጉግል ከ2003 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ገደማ ጀምሮ ቦርግ በሚባል የራሱ መሪ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። በ2015 በወጣው የጥናት ጽሑፍ እንደተገለጠው፣ ቦርግ የሚመራው አንድ የኮምፒዩተሮች ክፍል በመካከለኛ ግምት ወደ 10,000 ኮምፒዩተሮች ይይዛል። ይህን የሚያህል ነገር ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ ድርጅት ግቢ ተዘግቶ ኖረ። በውጭ ያለ ሰው ስለ ቦርግ ወሬ ሊሰማ ይችል ይሆናል፤ ሊሞክረው ግን አይችልም ነበር።

ዶከር ከታየ በኋላ ጆ ቤዳ፣ ብሬንደን በርንስና ክሬግ ማክላኪ የተባሉ የጉግል ሰዎች ከቦርግ የተገኘውን ትምህርት ይዞ እንደገና የሚጻፍ፣ ምንጩም የሚከፈት ፕሮግራም እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ቦርግ ሲፕላስፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን አዲሱ ጎ በሚባለው ቋንቋ ተጻፈ። ሰኔ 6 ቀን 2014 የመጀመሪያው ጽሑፍ በይፋ ተቀመጠ፤ 250 ፋይሎችና 47,501 መስመር ነበረው። በሚቀጥለው ወር ማይክሮሶፍት፣ ሬድ ሃት፣ አይቢኤምና ዶከር ተባባሪ ሆኑ። ሐምሌ 21 ቀን 2015 እትም 1.0 ወጣ፤ በዚያው ቀን ፕሮግራሙ ከአንድ ኩባንያ እጅ ወጥቶ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ለሚቋቋም የጋራ ማኅበር እንደሚሰጥ ተነገረ።

ጉግል ይህን ያደረገው ከቸርነት ብቻ ነው ልንል አንችልም። በኮምፒዩተር ኪራይ ንግድ አማዞን ቀድሞት ስለነበር፣ ደንበኛ ከአንዱ አከራይ ወደ ሌላው በቀላሉ የሚዛወርበት መንገድ ለጉግል ይጠቅመው ነበር። ሆኖም በጥቅም የተከፈተ በርም የተከፈተ በር ነው፤ የገባበት ሰው ይጠቀማል።

4. ከምንጩ ለመሥራት ያደረግነው ሙከራ

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። ከምንጭ መሥራት ማለት በሰው ቋንቋ አቅራቢያ የተጻፈውን ጽሑፍ ወስዶ፣ ኮምፓይለር በሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም አማካይነት ኮምፒዩተሩ ወደሚያውቀው ቋንቋ መለወጥ ነው። የተዘጋጀውን እንጀራ ከመግዛት ይልቅ ጤፉን አስፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ በራስ ምጣድ እንደመጋገር ነው።

የመጀመሪያው ችግር ጤፉን ማምጣት ሆነ። የኩበርኔቲስ ምንጭ ከ2014 ጀምሮ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ከነታሪኩ ይዞ ስለሚኖር ብዛቱ ታላቅ ነው። መስመራችን ዘገምተኛ ስለነበር ሁለት ጊዜ በመካከል ተቋረጠብን። በሦስተኛው ጊዜ ብልሃት አገኘን ብለን ታሪኩን ትተን የመጨረሻውን ገጽታ ብቻ አወረድን።

ሁለተኛው ችግር ሜሞሪ ነበር። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ለዚህ ሥራ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይመክራሉ። የእኛ ኮምፒዩተር ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ነበር። ሜክ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተን ስንጠብቅ ሥራው «ተገድሏል» የሚል አንድ ቃል ጽፎ ቆመ። ስህተቱን በጽሑፉ ውስጥ ስንፈልግ ዋልን፤ በመጨረሻ የተረዳነው ግን ሜሞሪው ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱን ለማዳን ኮምፓይለሩን እንደገደለው ነው። ሥራዎቹ በአንድ ጊዜ መሆናቸው ቀርቶ ተራ በተራ እንዲሆኑ አዝዘን፣ ሁሉን ሳይሆን ኩብሲቲኤል የሚባለውን የማዘዣ ክፍል ብቻ ብንሠራ ተሳካልን። ደስታችን ታላቅ ነበር።

ደስታችን ግን እምብዛም አልቆየም። የሠራነውን ፕሮግራም «እትምህ ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቀው «0.0.0» ብሎ መለሰ። ምክንያቱን ስንመረምር ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ ሲሠራ የእትሙን ቁጥር የሚያገኘው በታሪኩ መዝገብ ላይ ከተመለከቱት ምልክቶች ነው፤ እኛ ደግሞ መንገድ ለማሳጠር ብለን ያንን ታሪክ ቆርጠን ጥለነዋል። አካሉ ሙሉ ነበረ፤ የሚሠራውም በትክክል ነበረ፤ ነገር ግን ያለፈው ስለተወሰደበት የራሱን ስም ሊናገር አልቻለም። ታሪክ ለምናጠና ተማሪዎች ይህ ትንሽ ነገር አልመሰለንም። በሌሊት፣ መስመሩ ሲቀል፣ የቀረውን ታሪክ ከነምልክቶቹ አውርደን እንደገና ብንሠራው ስሙን አውቆ ተናገረ።

5. ፈተናው

የኩበርኔቲስ ፈተናዎች በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ናቸው። የመጀመሪያው እያንዳንዷን ትንሽ ክፍል ለብቻዋ ይመረምራል። ሁለተኛው ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ይስማሙ እንደሆነ ያያል። ሦስተኛው እውነተኛ ክላስተር አቁሞ ከዳር እስከ ዳር ይፈትናል።

የመጀመሪያውን ደረጃ ስንጀምር ከፊሉ አለፈ፤ ከፊሉ ግን ወደቀ። የወደቁትን አንድ በአንድ ብንመረምር ብዙዎቹ የወደቁት የተወሰነላቸው ጊዜ ስላለቀ ነበር። ሰዓቱን ብናራዝምላቸው አለፉ። ከዚህ የተማርነው ፈተናው የለካው የፕሮግራሙን ጥራት ብቻ ሳይሆን የእኛን ኮምፒዩተር ድኅነትም መሆኑን ነው። ጊዜውን የወሰነው ሰው በፊቱ የነበረው ፈጣን መኪና ነው፤ የእኛን ዓይነት አላሰበም።

ሁለተኛው ደረጃ ወዲያው አቆመን፤ ኤትሲዲ የተባለው መዝገብ በኮምፒዩተራችን ላይ ስላልነበረ ነው። እርሱን አስገብተን ብንቀጥል አንድ ፈተና ወደቀ። ምንም ሳንነካ ብንደግመው አለፈ። በሦስተኛው ወደቀ፤ በአራተኛው አለፈ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ያለፈበትን ጊዜ ብቻ ጽፈን እንለፍ አልን። ምክንያቱም ምሽቱ ገፍቶ ነበር፤ ጽሑፉንም የምናስረክብበት ቀን ደርሶ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ ያለ የሚያወላውል ፈተና በፕሮግራሙ ሠሪዎች ዘንድም የታወቀ እንደሆነ፣ የራሱ ምልክት ተሰጥቶት እየታደነ እንደሚታረም አነበብን። እነርሱ ሳያፍሩ የጻፉትን እኛ የምንሸሽግበት ምክንያት ስለሌለ አራቱንም ውጤት እንደሆነው ጽፈነዋል።

ለሦስተኛው ደረጃ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒዩተር ከአንድ ወዳጅ ተውሰን፣ ካይንድ በሚባለው መሣሪያ ክላስተር አቆምን። ይህ መሣሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ኮንቴይነሮቹን እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች አድርጎ የሚያሠራ ሲሆን፣ የተሠራውም በመጀመሪያ ኩበርኔቲስን ራሱን ለመፈተን ነው። መካከል ላይ መብራት ጠፍቶብን እንደገና ጀመርን። በመጨረሻ ከገዛ ምንጫችን የሠራነው ክላስተር ሦስት ቅጂዎች እንዲያኖር አዘዝነው። አንዱን በትእዛዝ አጠፋንበት። ዓይናችን እያየ ምትኩ ተነሣ። ሌላም አጠፋን፤ ሌላ ተነሣ። ማንም መምህር በቃል ቢያስረዳን እንዲህ አይገባንም ነበር።

6. ፈተናውን ማን ይከፍላል?

ከላይ የተናገርነው ድካም ወደ ትልቁ ጥያቄ አደረሰን። ምንጭን ማንበብ ዋጋ የለውም፤ መፈተን ግን ዋጋ አለው። የኩበርኔቲስ ሙሉ ፈተና በእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ አይደለም። የትልቅነቱ ፈተና ብቻ 5,000 የኪራይ ኮምፒዩተሮችና 150,000 ኮንቴይነሮች ይጠይቅ ነበር። ይህን ሁሉ ለብዙ ጊዜ በግቢው ያስተናገደው ጉግል ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በ2015 ለጋራ ማኅበር ተሰጠ ቢባልም፣ መፈተኛው በአንድ ባለቤት እጅ ቀርቶ ነበር። በነሐሴ ወር 2018 ጉግል በሦስት ዓመት የሚከፈል የ9 ሚሊዮን ዶላር የኮምፒዩተር ኪራይ ሰጥቶ የመፈተኛውን አስተዳደር ለማኅበሩ ማስረከብ ጀመረ። በእኛ አስተያየት ፕሮግራሙ በእውነት የጋራ ወደ መሆን የተራመደው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር አንድነት ነው። የቀድሞውን የዩኒክስን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ምንጩ በብዙ እጅ የገባ ፕሮግራም ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። በ1970ዎቹ የዩኒክስ ምንጭ ለዩኒቨርሲቲዎች ተሰጠ፤ በ1980ዎቹ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዩኒክስ ሠርቶ መሸጥ ያዘ፤ በአንዱ ላይ የሚሠራው በሌላው ላይ አልሠራ አለ። በ1988 ፖሲክስ የሚባለው የጋራ ሕግ ሲወጣ መለያየቱ ሥር ሰዶ ነበር። ኩበርኔቲስም ወደዚያው መንገድ ሊገባ ይችል ነበር፤ ሻጮቹ ብዙ ነበሩና። በኅዳር ወር 2017 ማኅበሩ አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም የኩበርኔቲስን የምስክር ምልክት ለመያዝ የሚፈልግ ሻጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና እንዲያልፍና ውጤቱን በይፋ እንዲያስቀምጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን 32 ያለፉ ነበሩ። ፈተናው በራሱ በፕሮግራሙ ምንጭ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ገዢውም ሻጩን ሳያስፈቅድ ሊፈትነው ይችላል። ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል፤ እሳቱ በወርቅ አንጥረኛው ቤት ብቻ ሲሆን ግን ገዢው ምን ያውቃል? እዚህ እሳቱም ለገበያ ወጣ።

7. ምንጩና ቅጂው ሲለያዩ

አንባቢው «ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ሌሎች የሠሩትን ወስዶ መጠቀም አይበቃምን?» ሊለን ይችላል። መልሳችን ሁለት ታሪኮች ናቸው።

በ1984 ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ስለ መተማመን ያደረገው ንግግር ታተመ። ኮምፓይለሩ ራሱ የተበከለ ከሆነ፣ ንጹሕ ምንጭ አንብበን ብንሠራበት እንኳ የሚወጣው ፕሮግራም የተበከለ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሊቃውንት ጨዋታ ቆጥሮት ነበር።

ከ40 ዓመት በኋላ በመጋቢት ወር 2024 ኤክስዜድ በተባለ ፋይልን በሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ የተሸሸገ በር ተገኘ። ይህ ፕሮግራም በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። በሩን የሚከፍተው ጽሑፍ ለሕዝብ በሚታየው ምንጭ ውስጥ አልነበረም፤ ለማከፋፈል በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። መርዙ ራሱ ደግሞ የተሸሸገው ለፈተና በተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ በሌላ ሥራ ላይ ፍጥነት ሲለካ ወደ ኮምፒዩተር መግቢያው ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ነው የጠረጠረው። በአገራችን መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ቅጂውን ከእናቱ መጽሐፍ ጋር ሳያመሳክር ሥራውን አይጨርስም። በኤክስዜድ ላይ ግን ቅጂው ከምንጩ ሲለይ ያመሳከረ አልነበረም።

ኩበርኔቲስ ከግንቦት ወር 2022 ከወጣው እትም 1.24 ጀምሮ የሚያከፋፍላቸውን ፋይሎች በኤሌክትሮኒክ ፊርማ እያተመ ያወጣል፤ ይህም ፋይሉ ከእነርሱ እጅ መውጣቱን ያስረዳል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፊርማ የሚመሰክረው ማን እንደላከው ነው፤ የተላከው ደኅና መሆኑን የሚመሰክር ሠርቶ የፈተነ ሰው ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፣ የኩበርኔቲስ ታሪክ የአንድ ፈልሳፊ ታሪክ አይደለም። ከ1979 ጀምሮ በየቦታው የተዘራው በ2013 ተሰበሰበ፤ በአንድ ኩባንያ ግቢ የተገኘው ልምድ በ2014 ለአደባባይ ወጣ፤ ከ2017 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ደግሞ ፈተናው ራሱ የጋራ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች ብዙ ይወሳሉ፤ ሦስተኛው ግን እምብዛም አይወሳም። እኛ ግን ካለ ሦስተኛው የቀሩት ጎደሎ ነበሩ እንላለን።

ስለ ራሳችን ሥራ ብዙ መናገር አይገባንም። የሠራነው ክላስተር ለአንድ ምሽት ቆሞ በማግስቱ ፈረሰ፤ ኮምፒዩተሩም ለባለቤቱ ተመለሰ። የፈተናውን ጊዜ በሚመለከት ያገኘነውን፣ ማለት ኃይሉ አነስተኛ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ የትኞቹ ፈተናዎች በጊዜ ብቻ እንደሚወድቁ፣ ዘርዝረን ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጽፈናል። ይቀበሉት ይተዉት በእነርሱ ፈቃድ ነው። በር ተከፍቷል የተባለው ለእኛም ከሆነ፣ ገብተን ያየነውን መናገር የእኛ ድርሻ መስሎናል። ከእኛ በኋላ ይህን ሥራ የሚቀጥሉ ጓደኞቻችን ግን ከእኛ ስህተት ይማሩ፤ መንገድ ለማሳጠር ብለው ታሪኩን ቆርጠው አይጣሉ።